ጭምብሎቹ ወደ ባለቤቶቻቸው ይመለሱ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ነባር ሕዝቦች ቅርስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ዕቃዎቹ ሙዚየም የገቡበትን መንገድ ዘሎታል። ካናዳ ፖትላች የተባለውን የስጦታና የጭፈራ ድግስ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1951 በሕግ ከልክላ ነበር። በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩት ነባር ሕዝብ፣ የክዋክዋካዋክ ሰዎች፣ በ1921 ደግሰው ተገኙ ተብለው በኋላ ተከሰሱ፤ አንዳንዶቹ ወህኒ ወረዱ። ጭምብሎቻቸውና የመዳብ ቅርሶቻቸው ተነጥቀው በየሙዚየሙና በየሰብሳቢው እጅ ተበተኑ። ይህ ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነው።

«ሙዚየሞቹ ባይኖሩ ይጠፉ ነበር» የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም። ጭምብሉን ያለ ባለቤት ያስቀረው ያው ክልከላ ነው። ደግሞስ ጭፈራውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን በምን ያስተምሩ? በእነዚሁ ሰዎች አገር፣ አለርት ቤይ በተባለች መንደር፣ በ1980 የተከፈተው የኡሚስታ የባህል ማዕከል ከተመለሱት ቅርሶች ብዙዎቹን ይዟል። ማኅበረሰቡ ራሱ መጠበቅ እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሙዚየም በክልከላው ዘመን የተነጠቁ ዕቃዎችን ዝርዝር ይፋ ያድርግ። ለባለቤቶቹ ማኅበረሰቦችም ያሳውቅ፤ የመመለሻውን ወጪ ራሱ ይሸፍን።