ሃያ ዘጠኝን ማን በላት?

ሚጥዬ የኔ እናት እንዴት ከርመሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ባልሽስ ወገቡ ተሻለው? ትላንት ትልቋ ልጅሽ ቮይስ ልካልኝ ሦስቴ ነው የሰማሁት፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ የዛ ሀገር ቋንቋ ሆኖብኝ ትንሽ ተቸገርኩ እንጂ ጥያቄው ገብቶኛል፣ «አያቴ በጣም ያሳቀሽ ገና የቱ ነው?» ነው የምትለው። ደሞ ገና ለምን ሁለቴ ይመጣል ብላኛለች፣ እዛ በታህሳስ 16 ዛፍ አብርታችሁ በ29 ደግሞ አንቺ ዶሮ ስትሠሪ ግራ ገብቷት ነው መሰለኝ። እኔም የፈረንጆቹ አልቆ የኛ ገና ገና ነው አልኳት፣ ቀልዱ ይግባት አይግባት እንጃ።

በቮይስ ልነግራት ጀምሬ ኔትወርኩ እየቆረጠ አናደደኝ፣ ስለዚህ ጻፍኩት። አንቺ አንብቢላቸው። መጨረሻ ላይ ያለውን ግን መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው፣ አጎትሽ ጆሮ እንዳይደርስ አደራ።

እስቲ በራስሽ ልጀምር። 1987 ላይ ነው፣ ሰባት ሊሞላሽ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ትምህርት ቤት የገና ድራማ አላችሁ ተብሎ አንቺ ከሰብአ ሰገል አንዷ ሆንሽ። ወርቁንና ዕጣኑን ወንዶቹ ቀድመው ወስደው ላንቺ ከርቤ ደረሰሽ። ታዲያ ይሄንን ለእናትሽ መቼ ነገርሻት? ድራማው ነገ ሊሆን ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ያውም መብራት ጠፍቶ! ደግነቱ ከርቤ ቤት ውስጥ አለ፣ እማማ ለመድኃኒት ብላ የምታስቀምጠው፣ በኒዶ ጣሳ ነው ያለው። ችግሩ ከጎኑ ሌላ የኒዶ ጣሳ አለ። በሻማ እየዳበስኩ አንዱን አነሳሁ፣ አባትሽ ከሲጋራ ፓኮ ያጠራቀመውን የወርቅ ወረቀት ለጣጥፌ አሳምሬ ጠቀለልኩት፣ ጠዋት ይዘሽ ሄድሽ።

መድረክ ላይ ወርቁ ቀረበ፣ ዕጣኑ ቀረበ፣ አንቺም በርከክ ብለሽ ጣሳሽን ሰጠሽ። ማንም ክፈት ያላለውን ዮሴፍ የሆነው ልጅ ክዳኑን ፈልቅቆ አፍንጫውን እስከ ግማሽ ከተተው። አዲስ የተፈጨ በርበሬ ነው እኮ! ልጁ አንዴ ሲያስነጥስ የጥጥ ጺሙ ተነቅሎ አሻንጉሊቱ ላይ ወደቀ፣ ሁለተኛ ሲያስነጥስ በርበሬው ቦነነ፣ እመቤታችንን የሆነችው ልጅ አይኗን በነጠላዋ ስታሸው ጭራሽ ባሰባት፣ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ወላጁ ሁሉ ድራማ መስሎት «አቤት ልጅቷ ስትችልበት!» እያለ ያጨበጭባል። ከዛ አንቺ ወደኔ ዞረሽ ባለ በሌለ ድምፅሽ «እማዬ ይሄ እኮ የወጥ ነው!» አልሽ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አስተማሪሽ ከዛ በኋላ ባየችኝ ቁጥር «ከርቤ እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር።

የበጉን ታሪክ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና በሱ አፍ ብትሰሙት ነበር የሚያምረው፣ እኔ አጠፋዋለሁ ግን ልሞክር። 1990 ነው። ከሾላ ገበያ በግ ገዝቶ በቮልሷ የኋላ ወንበር ጭኖ መጣ፣ በጉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንደ ባለሥልጣን ግራ ቀኙን እያየ። ማደሪያ ስላልነበረው ሰርቪስ ቤት አሰረውና ቆለፈበት። ሰርቪስ ውስጥ ግን አባትሽ ላርማቸው ብሎ የቆለለው የሰባተኛ «ለ» የፈተና ወረቀት አለ። ጠዋት በሩን ሲከፍተው በጉ ቆሞ ያመነዥካል፣ ከአፉ ላይ አንድ ነጭ ቁራጭ ተንጠልጥላለች፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ስቴፕል ብቻ ተበትኗል። ልጄ የአባትሽን ፊት ብታዪው! ሠላሳ ምናምን ልጅ ነው በአንድ ሌሊት የተበላው።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ስስቅ እሱ በንዴት ቁራጯን ከበጉ አፍ ይጎትታል፣ በጉም ይጎትታል። በመጨረሻ ለሁሉም ጥሩ ማርክ ሰጥቶ ተገላገለ። የሚያስቀው ምን መሰለሽ፣ አንድ ልጅ ብቻ ግማሽ ወረቀቱ ተርፎ ነበር፣ አባትሽ ህሊናው አላስችል ብሎት እሷን አረማት፣ ከሃያ አራት! በጉ ሳይበላው የቀረው ልጅ ብቻ ወደቀ። በነጋታው አዝኖለት እሱንም አሳለፈው። ክፍሉ ውስጥ ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ ብቻ ከበዓል በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ጋሼ በጉን ነፍስ ይማር» ተብሎ ተጽፎ ጠበቀው።

የገና ጨዋታውንማ ታውቂዋለሽ፣ አርባ ዓመቱን አልፎ ካልተጫወትኩ ብሎ ሜዳ ወርዶ ሩሯን ትቶ የአለቃውን ቅልጥም በዱላ አነጎደው። ሰውየው እያነከሰ ሲመጣ አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አልተቆጣም፣ ግን ሦስት ወር አላናገረውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። እኔን በጣም ያሳቀኝ የ1980ው ነው፣ አንቺም ነበርሽ፣ ሆዴ ውስጥ። ሰባት ወር አልፎሻል። እማማ እርጉዝ ነሽ አትጹሚ እያለችኝ እኔ በግትርነቴ ከህዳር 14 ጀምሮ ስጾም ከርሜያለሁ። 14 ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቀን ነው። ሌላ ጊዜ የነቢያት ጾም በ15 ይገባል ገናም በ29 ይውላል፣ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ጾሙ በ14 ገብቶ ገና በ28 ነው። 1980 ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። ይሄንን አጎትሽ ረስቶታል።

ያኔ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፣ ከጅማ ወዲያ ካምፕ ውስጥ፣ የሬዲዮው ድንጋይ አልቆበት ከዓለም ተቆራርጧል። ለጋድ፣ ለገና ዋዜማው ጾም፣ ልድረስ ብሎ አውቶብስ ላይ አድሮ 28 ቀን እኩለ ቀን ላይ በሩን ከፍቶ ገባ። እኛ ለሊት ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ገድፈናል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ እማማ ቡና እያፈላች ነው፣ አባትሽ ፈረሰኛውን ይዞ ሊጎርስ ነው። አጎትሽ ሻንጣውን እንደያዘ ደረቀ። ከዛ አማተበ። «በጋድ ቀን ዶሮ?!» አለ። «እኔ የሌለሁ ጊዜ ምን ሆናችሁ ነው?»

ገና እኮ ዛሬ ነው ብንለው ማን ይስማ! ኪሱ ውስጥ ቀን የሚቆጥርባት ወረቀት አለችው፣ አወጣና 28 ነው፣ ሃያ ስምንት! እያለ ያሳየናል። አዎ 28 ነው እንለዋለን። እና ገና በ29 አይደል? ይላል። ጎረቤት ወጥቶ ጠየቀ፣ ዛሬ ነው አሉት። ማዶ ካሉት ዘንድ ተሻገረ፣ እነሱም ዛሬ ነው አሉት። ተመልሶ መጥቶ «ሰፈሩ ሁሉ ተሳስቷል» አለን። ዶሮው እፊቱ እየሸተተ ድፎ ዳቦ በጠላ እያማገ ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ አይኑን ግን ከድስቱ ላይ አልነቀለም።

እማማ በመጨረሻ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ጠራችው። «አንተ ና ወዲህ» ብላ እኔን አስነስታ አጠገቡ አቆመችኝ። ጣቷን ሆዴ ላይ አድርጋ፣ «ብስራት መቼ ነው? መጋቢት 29። ከዛ እስከ ልደት ስንት ነው? ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። አምና ጳጉሜ ስድስት ሆናለች፣ ገናን በ29 ካዋልከው ዘጠኝ ወር ከስድስት ሊሆን ነው። ጳጉሜ ስድስት ሆነች ተብሎ እመቤታችን አንድ ቀን ታርፍድ? ይቺስ ጳጉሜን አይታ ነው የምትወልደው?» እያለች በያንዳንዱ ቃል ሆዴን ጠቅ ታደርገኛለች። አንቺ ደግሞ ከውስጥ እርግጫሽን ለቀቅሽው፣ የእማማ ጣት ላይ! እማማም «ይኸው ያልተወለደችውም አወቀች» አለችው።

አጎትሽ አልተረታም እኮ። አስር ሰዓት ላይ የንስሐ አባታችን ቤቱን ሊባርኩ መጡ፣ ገና ሳይቀመጡ ተነስቶ ጠየቃቸው። ልጄ፣ በዘመነ ዮሐንስ በ28 ነው አሉት። እሱም ዝም ብሎ ቆየና፣ ፊቱ እንዳዘነ ሰው ሆኖ፣ «እሺ አባቴ፣ እና ሃያ ዘጠኝን ማን በላት?» አለ። የንስሐ አባታችን ያፉትን ጠላ ካባቸው ላይ ነው የረጩት። አባትሽ ከወንበር ወደቀ። እስከ ዛሬ እቤታችን አንድ ነገር ሲጠፋ ሃያ ዘጠኝን ማን በላት የምንለው ከዛ የመጣ ነው፣ አንቺም ትይው ነበር ከየት እንደመጣ ሳታውቂ።

ከዚህ በታች ያለውን ለብቻሽ።

እሱ ሲያምን እማማ «በል ላንተ ያስቀመጥኩት ሁለት መላላጫ አለ» ብላ ማድ ቤት ሄደች። ድስቱን ስትከፍተው ቁሌትና አንድ እንቁላል ብቻ። መላላጫ የለም። በሩ ላይ ደግሞ የጎረቤት ድመት ተቀምጣ ፊቷን ትልሳለች። አጎትሽ ቀኑን ሙሉ በእልህ ሲጾም የዋለ ሰው ነው፣ አንድ ጫማውን አውልቆ ወረወረባት፣ ድመቷ ሸሸች፣ ጫማው ጣራ ላይ ወጣ፣ እዛው ቀረ። ወደ ካምፕ የተመለሰው በአባትሽ ጫማ ነው፣ ሁለት ቁጥር የሚጠበው።

ድመቷ አይደለችም ሚጥዬ። እነሱ ጎረቤት ለጎረቤት ሲጨቃጨቁ እኔ ማድ ቤት ገብቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ መጀመሪያ አንዷን ብቻ ብዬ፣ ከዛ ያችኛዋ ብቻዋን ምን ትሠራለች ብዬ… አንቺ ነሽ ያስበላሽኝ፣ አርባ አራት ቀን የጾመ ነፍሰ ጡር ሆድ ሕግ አያውቅም። አጥንቷን ለድመቷ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ለዛ ነው በሩ ላይ የተገኘችው ምስኪን። ለአባትሽ እንኳን ሳልነግረው ሞተ።

አጎትሽ እስከ ዛሬ ድመት አይወድም። ዘመነ ዮሐንስ በመጣ ቁጥር ግን ገና ህዳር ሳይገባ ይደውልልኛል፣ «ዘንድሮ በ28 ነው አይደል?» ብሎ። እናንተ እንመጣለን ያላችሁት የ2020ውም ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ትኬት ስትቆርጪ አስቢበት፣ በ28 ነው፣ ቢያንስ በ26 ግቡ። እሱም እመጣለሁ ብሏል። ሁለት መላላጫ በስሙ አስቀምጥለታለሁ፣ ማድ ቤቱ አካባቢ ግን አንቺን እንዳላይሽ።

እናትሽ