ስለ ሥራ የሚሰጥ አስተያየት (ፊድባክ)፣ ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው። እዚህ ከመንዝም ከአንኮበርም ብዙ ልጅ እየመጣ ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ ግን ጥፋቱን የሚሰማው ወይ በስድስት ወር አንዴ የምዘና ፎርም ሲሞላ ነው ወይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ግምገማ ላይ፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ባለፈው አንዷ ልጅ የእጅጌ ስፌቷ እየተኮማተረ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ይመለስባታል፣ አጠገቧ ያሉት እያዩ በይሉኝታ ትንፍሽ አላሉም፣ በኋላ ስብሰባ ላይ ስሟ ተነሳና አለቀሰች። ከዛ አንዲት ልምድ ያላት ልጅ በሻይ ሰዓት ለብቻዋ ወስዳ «የኔ እህት፣ የላይኛው ክር ጠብቆብሻል ትንሽ አላልተሽ ሞክሪው፣ ጨርቁንም አትጎትቺው ራሱ ይሂድልሽ፣ ኪስ ላይ እኮ እጅሽ ቆንጆ ነው» አለቻት። በቃ፣ በማግስቱ ስፌቷ ተስተካከለ።

እና እኔ የምለው በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆንን 15 ደቂቃ ቁጭ ብለን ብናወራስ? ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለ ሥራው፣ ደግሞ ተራ በተራ፣ አዲሷም ለነባሯ ትንገራት። የተወራው ግን ሱፐርቫይዘር ጋ እንዳይሄድ፣ ፎርም ላይም እንዳይገባ፣ እዚህ ላይ እኔ ድርድር የለኝም፣ አንዴ ከወጣ ሁለተኛ እውነቱን የሚናገር አይገኝም። ኃላፊዎችም እባካችሁ ከሥራ ሰዓት ላይ ስጡን፣ ከምሳችን አትቁረጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን