የድሬዳዋ ንግድ ቤቶች ታሪክም ይጻፍ

ስለ ድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ያወጣችሁት ጽሑፍ ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡር ጋር መቆርቆሯን በሚገባ አስረድቷል። በባቡሩ የመጣውን ሸቀጥ እነማን ይነግዱበት እንደነበር ግን አልነገረንም። በየከተማው ቅርንጫፍ የነበረው የህንዶቹ መሐመዳሊ ኩባንያ አለመነሳቱ ያሳዝናል። ንግዱን በእጁ ለማስገባት የፈለገው የጣሊያን አስተዳደር በ1929 ዓ.ም. ያባረረው ትልቅ ቤት እኮ ነው!

ማስረጃው በየቤታችን እያለቀ ነው። በእናቴ ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ የጨርቅ ደረሰኝ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ «አቡጀዲ፣ ስድስት ክንድ» የሚለው ብቻ ይነበባል።

የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ መድቦ፣ ነዋሪው የሚያመጣውን ደረሰኝና ፎቶግራፍ ቅጂ እያስቀረ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልስ። ጋዜጣችሁም ጥሪውን ያትምልን፤ የእናቴን ደረሰኝ ይዤ ቀድሜ እሰለፋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከመጋላ፣ ድሬዳዋ