የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ደካማው ኤሌክትሮን

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። ያመጣችው አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት። ስለ ኦዞን መሳሳት ስናወራ፣ "ቲቸር፣ የድሮው የፍሪጅ ጋዝ ውስጥ ያለው ክሎሪን ከካርቦኑ ጋር እንዲህ ከተጣበቀ፣ ፀሐይ በሌለበት በረዶ ላይ ምን ያላቅቀዋል?" አለችኝ።

ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። አብረን ስናነብ እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ጀርሲ፣ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሉ እና ማዴይ የተባሉ ተመራማሪዎች የሠሩትን ሙከራ አገኘን። ጋዙን ከስስ በረዶ ጋር አድርገው የኤሌክትሮን ጨረር ሲለቁበት፣ በረዶ ከሌለበት ጊዜ በብዙ እጥፍ የበለጠ ክሎራይድ (ተጨማሪ ኤሌክትሮን የያዘ ክሎሪን) ወጣ። ሉ በኋላ ይህንን ከኦዞን መሳሳት ጋር ቢያያይዘውም አብዛኞቹ የከባቢ አየር ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። እኛን የያዘን ግን የበረዶው ነገር ነው።

ልጆቹ ጨረሩ ክሎሪኑን እንደ ጥይት መትቶ የሚያወጣው መስሏቸው ነበር። እንደዚያ አይደለም። ፈጣኑ ኤሌክትሮን በረዶው ውስጥ ሲያልፍ ከውሃው ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስፈነጥራል፣ እነሱም እየተጋጩ ጉልበታቸው ያልቅና ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነዚሁ የደከሙት ናቸው። ክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን ሲያገኝ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የአተሞች ጉልበት የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ ይለቃል። በካርቦን ቴትራክሎራይድ (አንድ ካርቦን ከአራት ክሎሪን ጋር) ላይ ያለውን አንድ ክሎሪን ለማላቀቅ ደግሞ 3 ገደማ ይበቃል፤ የሚለቀቀው ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ስንጽፋቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

ጨረሩ የለንም፤ ካርቦን ቴትራክሎራይድም መርዝ ስለሆነ አላስገባነውም። የምንችለውን ሠራን። ቀይ የምግብ ቀለም ያለበት ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥን፣ አንዴ መብራት ጠፍቶ ቀለጠብንና እንደገና ጀመርን። ሲወጣ ዳር ዳሩ ጥርት ብሎ ቀለሙ መሃል ላይ ተሰብስቧል፤ ውሃ ሲረጋ ባዕድ ነገርን ይገፋል፣ ብክለትም እንዲሁ በክሪስታሎቹ መካከል ይታጨቃል። ከዚያ የጨው ውሃ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረግን። ወዲያው እንደ ወተት ነጣ። ከካርቦን ጋር የተጣበቀ ክሎሪን በቀላሉ እንዲህ አያደርግም፤ የተላቀቀው ክሎራይድ ነው የሚያነጣው። መላቀቁም የሚታወቀው በዚህ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ ያችው ልጅ እጇን አወጣች። "በረዶው ውስጥ መሄጃ የላቸውም፣ ታዲያ የተላቀቁት ተመልሰው አይጣበቁም?" መስከረም ላይ ከዚሁ እንቀጥላለን።