አለማየሁን ዊንዘር አላሳደገችውም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ እንግሊዟ ከተማ ስለ ዊንዘር ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ለመናደድ አንዴም ይበቃ ነበር።

ዘጋቢያችሁ ስለ አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ሦስት አንቀጽ ጽፏል። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን ስላስጨረሰው ሕንፃ፣ ጣሪያውን ስለማይነኩት ምሰሶዎች፣ ቻርልስና ካሚላ በ2005 እዚያ ስለመጋባታቸው። ይሁን። አጠገቡ ስላለው ጠማማ ቤትም ሁለት አንቀጽ ጨምሯል። ይሁን፣ ቤቱ እውነትም ጠማማ ነው። ምንም የማይሸከም ምሰሶ ይህን ያህል ቦታ ሲያገኝ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ አለማየሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደረሰችው። እሷም ስህተት ናት፦ «ንግሥት ቪክቶሪያ በዊንዘር ቤተ መንግሥት እንደ ልጇ ያሳደገችው ልዑል»።

ማን ነገራችሁ?

ልጁ ከመቅደላ የተወሰደው በ1868 ነው፣ ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ያኔ ገና ሕፃን ነበር። አባቱ በሞቱ በወሩ ገደማ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። እንግሊዝ ሲደርስ ንግሥቲቱ ያየችው ዋይት ደሴት ላይ በነበራት በኦዝቦርን ቤቷ ነው። መጀመሪያ የያዘው የእንግሊዝ መኮንኑ ካፒቴን ስፒዲ ነው፣ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ያሉት። ሕንድ ድረስ ይዞት ሄዷል። በኋላ መንግሥት ከእሱ ለይቶ ቼልተንሃም አስገባው፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ ቀጥሎ ሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት። በኖቬምበር 1879 ሊድስ ውስጥ ታሞ ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ አዝናለች፣ አልክድም። ያለ አንድ ዘመድ በሰው አገር መሞቱን በማስታወሻዋ ጽፋለች። ዊንዘር ይቀበር ያለችውም እሷ ናት። ዊንዘር የተረከበችው እንግዲህ አስከሬኑን ነው።

«ትንሽ ስህተት ናት» ትሉ ይሆናል። ትንሽ አይደለችም። አፅሙ አገሩ ይግባ ብለው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 ጠይቀዋል። በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለም፤ አፅሙን ለማውጣት ሲባል በአካባቢው የተቀበሩ ሌሎች ብዙ ሰዎች ይነካሉ ነው ያለው። አሁን አንባቢ የእናንተን ዓረፍተ ነገር ይዞ ይህን ክርክር ቢሰማ ምን ይላል? «እዚያው አድጎ እዚያው ተቀበረ፣ ቤቱ ነው፣ ምን ፈልገው ነው የሚያስቸግሩት?» ይላል። ቤተ መንግሥቱ እንኳ ያላለውን እናንተ አላችሁለት። ያውም በነፃ።

እኔ የምኖረው ስላው ነው፣ ከዊንዘር ቴምዝን ተሻግሮ። ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ። ሰሞኑን የመጣችው የአክስቴ ልጅ ዘገባችሁን አንብባ ነው የመጣችው። የአለማየሁን መኝታ ክፍል አሳየኝ አለችኝ። የለም ብላት «በጋዜጣ ተጽፏል» አለች። አላመነችኝምና ዘበኛውን ጠየቀችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ለዝግጅት ክፍላችሁ ስጽፍ ደግሞ የተላከልኝ መልስ የአውራ ጣት ምልክት (ኢሞጂ) ነው። አመሰግናለሁ፣ ኢትዮጵያዊ ታሪክ በአውራ ጣት ሲታረም ማየቴ ነው።

ዘጋቢው ሻይ ቤት ያላትን ሴትዮ አነጋግሯል፣ ከቻይና የመጡ ጎብኚዎችንም አነጋግሯል። አንድ ሐበሻ ግን አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ እዚያው ዊንዘር ቤተ መንግሥት ባለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ያለውን የመታሰቢያ ሰሌዳ እናሳየው ነበር። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጽፎበታል። በጦር ሠራዊት ታጅቦ የመጣ እንግዳ እኔ ሌላ አላውቅም። መቃብሩ ግን ውስጥ አይደለም፣ ከጸሎት ቤቱ ውጭ ከመሬት በታች ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ጋርተር የተባለውን የእንግሊዝ የክብር ማኅበር ኒሻን የተቀበሉ ናቸው፤ የዚያ ማኅበር ጸሎት ቤት ይኸው ነው። ለዘገባችሁ ይህም አልታየውም። ጠማማው ቤት ሸፍኖበት ይሆናል።

እርማቱን ፊት ገጽ ላይ አውጡት አልልም። ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ዘጋቢያችሁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ቅዳሜ ይደውልልኝ። እሑድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ የሚገባው ለጸሎት የመጣ ሰው ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከስላው