የካሜራ ሌንስ አመራረጥን በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

የደህንነት ካሜራ ለማስገጠም የሚመጡ ደንበኞቻችን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉን ስለሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) ብዛት በሚሊዮን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ «ሰውየው ይታያል፣ ፊቱ ግን አይለይም» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመነጨው በሚሊሜትር ከሚለካው የሌንሱ የትኩረት ርቀት በመሆኑ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፤ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ግን ያንሳል። በተለመዱት ካሜራዎች ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ ጎን 100 ዲግሪ ገደማ ሲያሳይ፣ ባለ 6ቱ ወደ 50፣ ባለ 12ቱ ደግሞ ወደ 25 ዲግሪ ይጠባል።

ከራሳችን ስህተት እንነሳ። በአንድ ደንበኛችን ግቢ ውስጥ ባለ 2.8 ሚሊሜትር ካሜራ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ገጠምን፤ የውጭው በር 12 ሜትር ይርቃል። ምስሉ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያሳይ እኛም ደንበኛችንም ደስ ብሎን ተለያየን። በኋላ በሌሊት ትርፍ ጎማ ተሰርቆ ቅጂውን ስንከፍት፣ በሩን ከፍቶ የገባው ሰው ከነጃኬቱ ቢታይም ፊቱ ግራጫ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፦ ባለ 2 ሜጋፒክስል በሆነው በዚያ ካሜራ በ12 ሜትር ርቀት ላይ ለአንድ ሜትር ወርድ የሚደርሰው 80 ፒክስል ገደማ ስለሆነ፣ 16 ሳንቲሜትር ለሚሆን ፊት የሚተርፈው 13 ፒክስል ብቻ ነው። ስልክ ላይ በጣት ቢያጎሉትም ያልተቀረጸ ነገር አይወጣም። በባለ 12 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ያው ፊት ወደ 55 ፒክስል ያገኛል፤ እይታው የበሩን ወርድ ይዞ ጥቂት ብቻ ስለሚተርፍ ግን የቆሙትን መኪናዎች አያሳይም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ካሜራ በቦታው ትተን ለበሩ ሌላ ጨመርን።

የማያውቁትን ሰው ማንነት ለመለየት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአውሮፓ የደህንነት ካሜራ መስፈርት በአንድ ሜትር 250 ፒክስል ይጠይቃል። ይህን በባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ለማግኘት ባለ 2.8ቱ ከ4 ሜትር ባነሰ፣ ባለ 4ቱ እስከ 5 ሜትር ተኩል፣ ባለ 6ቱ እስከ 8፣ ባለ 12ቱ እስከ 16 ሜትር ገደማ ድረስ ያገለግላሉ። ሜጋፒክስሉን ወደ 4 ማሳደግ ርቀቱን በሲሶ ያህል ከመጨመር አያልፍም። ለጠባብ ሱቅ ግን 2.8ቱን የሚተካ የለም።

ከ2.8 እስከ 12 የሚስተካከል ሌንስ ያላቸው ካሜራዎችም አሉን። ዋጋቸው ከፍ ስለሚል በየማዕዘኑ እንድትሰቅሏቸው አንመክርም።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ካሜራው ከሚሰቀልበት ቦታ ፊት እንዲለይ እስከምትፈልጉበት ድረስ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ እንድትነግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን። ርቀቱን ሳንለካ የገጠምንላችሁ ካሜራ ካለ አሳውቁን፤ ለመቀየሪያው የእጅ ዋጋ አናስከፍልም።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍሉ