ዋርናምቡል ልንገባ ነው መሰለኝ

እንዴት ነሽ የኔ እህት? ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። ሥራው፣ የልጆቹ ነገር... ተይው፣ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ። አሁን የጻፍኩልሽ ምክርሽን ፈልጌ ነው።

ዋርናምቡል ሥራ አግኝቻለሁ። አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ ቋሚ፣ የሌሊት ፈረቃ የሌለው። ከተማዋን ታውቂያታለሽ፤ ያኔ ግሬት ኦሽን ሮድን ጨርሰን ያደርንባት ናት። ለንደን አርች ጋ ስንቆም ያ የዓለት ድልድይ በፈረንጆቹ 1990 ተደርምሶ ጫፉ ላይ የቀሩትን ሁለት ሰዎች በሄሊኮፕተር እንዳወጧቸው ብነግርሽ ከመኪና አልወርድም ያልሽው! አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉትን የባሕር ዓለቶችም፣ ስማቸው አሥራ ሁለት ቢልም ከነበሩት ዘጠኙ አንዱ በ2005 ወድቆ ስምንት እንደቀሩ ስትሰሚ በሩቁ ተሳልመሽ ተመለስሽ።

ጭንቄ እማዬ ናት። እዚህ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ በእግሯ ወጥታ ቡናዋን፣ በርበሬዋን በአማርኛ ገዝታ ትመለሳለች። ማኅበሯ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኗ አለ፣ ቡና የሚጠሯት ጎረቤቶች አሉ። ከዋርናምቡል ሜልቦርን በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግሊዝኛ አትችልም። እኔ ሥራ ስውል ከማን ጋር ታወራለች?

ባለፈው ቅዳሜ ቦታውን ትየው ብዬ እዚያው ዋርናምቡል ያለው የባሕር ዳርቻ፣ ሎጋንስ ቢች ወሰድኳት። በየክረምቱ፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ዓሣ ነባሪዎች ከደቡቡ ቀዝቃዛ ባሕር መጥተው እዚያ ይወልዳሉ። ለሰው መመልከቻ የእንጨት ሰገነት ተሠርቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብዙ ቆይተን አንዷ ከነልጇ ብቅ አለች፣ ከዳርቻው ብዙም ሳትርቅ። እማዬ "አራስ ናት እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላልቅ አለ። ማን ያርሳታል? ምን ትበላለች? እዚህ በምትቆይበት ጊዜ ምግብ እምብዛም እንደማትቀምስ፣ ከሰውነቷ ስብ ላይ እየኖረች እንደምታጠባ ነገርኳት። "አራስ በባዶ ሆዷ!" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ድሮ በ1830ዎቹ ፖርት ፌሪ ላይ አዳኞች ሰፍረው ዘራቸውን ሊያጠፉት እንደነበር ስነግራት ደግሞ ዝም አለች። ማታ "እዚህ እንግባ፣ እኔ እነሱን እያየሁ እውላለሁ" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ለኔ ብላ ይሆን? እማዬን ታውቂያታለሽ፣ ለራሷ ስትል ምንም ጠይቃ አታውቅም። ደግሞ ዓሣ ነባሪዎቹ መስከረም ሲጠባ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ ምን እያየች ትውላለች?

ሌላም አለ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ... እኔ ራሴ መሄድ እፈልጋለሁ። በጣም። የቤት ኪራዩ፣ ሌሊት ወጥቶ ሌሊት መግባቱ ሰልችቶኛል። እና እማዬ እሺ ስላለች ብቻ ደስታዋ ነው ብዬ እንዳላምን እፈራለሁ። ይህን ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

አንቺ ባንበሪ ስትገቢ እናትሽን፣ እማማን ይዘሽ ነው የገባሽው። የመጀመሪያው ዓመት እንዴት አለፈ? ታለቅስ ነበር? ያጽናናኛል ብለሽ አታሳምሪልኝ፣ የሆነውን ንገሪኝ። ጎረቤት አገኘች? ለበዓል ፐርዝ ትወስጃት ነበር ወይስ እዚያው ለመደች? እሑድ እሑድስ?

መልሴን የሚጠብቁት እስከ መጪው ዓርብ ነው። ከሥራ ስትወጪ ደውይልኝ፤ እኛ ጋ በሁለት ሰዓት ቢቀድምም አልተኛም። እማማም ከጎንሽ ትሁን። እኔና አንቺ እንውጣና እሷና እማዬ ብቻቸውን ያውሩ።